በተሳቢ ጭነት የክብደትና የመጠን ገደብን ማክበር፦ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተዳፋቶች ለሚንቀሳቀሱ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች

ከመገናኛ በኮተቤና በካራ በኩል የሚወጣው መንገድ አዲስ አበባን ከደብረ ብርሃንና ከደሴ ጋር ያገናኛል። ከክፍለ ከተማው በስተሰሜን የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በአካባቢው ለግንባታ የሚውሉ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ፌሮና የባሕር ዛፍ አጠና በብዛት ይጓጓዛሉ። ትርፍ ጭነት የሚታወቀው በሚዛን ጣቢያ ቢሆንም የሚፈጠረው በመጫኛ ቦታ ነው። ስለሆነም የጭነቱን መጠን ከመነሻው ማወቅ የባለንብረቱ፣ የአስጫኙና የአሽከርካሪው የጋራ ኃላፊነት ነው።

ተለይተው መታወቅ ያለባቸው ክብደቶች

• የተሽከርካሪው ባዶ ክብደት፦ ተሽከርካሪው ያለ ጭነት የሚመዝነው ነው። ጎታቹና ተሳቢው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባዶ ክብደት አላቸው።
• ጠቅላላ ክብደት፦ የጎታቹ፣ የተሳቢውና የጭነቱ ድምር ነው።
• የአክስል ክብደት፦ በእያንዳንዱ አክስል ላይ በሚገኙ ጎማዎች አማካይነት መንገዱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው።

ጠቅላላ ክብደቱ ከገደቡ በታች የሆነ ተሽከርካሪ በአንዱ አክስል ላይ ከገደብ በላይ ሊሆን ይችላል። ጭነቱ በግማሽ ተሳቢ ፊት ለፊት ከተከመረ የጎታቹ የኋላ አክስሎች ይጨናነቃሉ። ወደ ኋላ ከበዛ ደግሞ በጎታቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፤ በዳገት ላይ የሚነዱት ጎማዎች መንገዱን የመያዝ አቅማቸውን ያጣሉ።

የአክስል ገደብ የተቀመጠው መንገዱን ለመጠበቅ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የተካሄደው የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት ከአክስል ክብደት አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። በዚህ ስሌት 10 ቶን ሊያርፍበት የሚገባ አክስል 12 ቶን ቢያርፍበት ክብደቱ የጨመረው 20 በመቶ ብቻ ቢሆንም ጉዳቱ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል።

ጭነትን አስቀድሞ ስለማስላት

የመጫን አቅም በተሽከርካሪው የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር (ሊብሬ) ላይ ይገኛል። የመጫኛው ሳጥን መሙላት ወይም አለመሙላት የአቅም መለኪያ አይደለም። ለምሳሌ የመጫን አቅሙ 200 ኩንታል ለሆነ ተሳቢ፦

• ሲሚንቶ፦ እያንዳንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 400 ከረጢት አቅሙን ይሞላል።
• አሸዋ፦ አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1.6 ቶን ገደማ ስለሚመዝን 12.5 ሜትር ኩብ በቂ ነው። ሳጥኑ 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ቢሆንና ቢሞላ ጭነቱ ከ250 ኩንታል ያልፋል። ዝናብ የነካው አሸዋ ከዚህም በላይ ይመዝናል።
• ፌሮ፦ ባለ 12 ሚሊ ሜትርና 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ፌሮ 10.7 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። 1,000 ፌሮ ወደ 107 ኩንታል ይደርሳል።
• የባሕር ዛፍ አጠና፦ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ውኃ የያዘ በመሆኑ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ደረቅ አጠና በእጅጉ ይከብዳል። በቁጥር ብቻ መጫን ስለሚያሳስት መመዘኑ ይመረጣል።

ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት

ፌሮና አጠና ከመጫኛው ሳጥን ወጥተው ሊንጠለጠሉ ስለሚችሉ ለርዝመታቸው የሚመጥን ተሽከርካሪ መመረጥ አለበት። ወደ ኋላ የወጣ ጭነት ተሽከርካሪው ሲታጠፍ ሌላውን መስመር ይጠርጋል፤ በሌሊትም ከኋላ ለሚመጣው በግልጽ አይታይም። ቁመት የሚለካው ከመሬት እስከ ጭነቱ ጫፍ፣ ሸራውንና ገመዱን ጨምሮ ነው። በቀለበት መንገድና በቀላል ባቡር መስመር ድልድዮች ሥር ከማለፍ በፊት የከፍታ ምልክቱን ማንበብ፣ የባቡሩን የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም ማስተዋል ያስፈልጋል።

በተዳፋት መንገድ

በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት በተለይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በጉልህ ይቀንሳል። ከባዱ አደጋ ግን ያለው በቁልቁለት ነው። ፍሬን ሊያቆመው የሚገባው ኃይል ከክብደቱ ጋር በቀጥታ ይጨምራል፤ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ደግሞ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል። ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርደው መንገድ የሚያበቃው ቤቶችና እግረኞች በበዙበት ሠፈር ነው። ስለዚህ፦

• ከቁልቁለቱ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ መለወጥና ፍጥነትን መቀነስ፤
• የተሳቢውን የአየር ፍሬን ቱቦዎች፣ መጎተቻውንና ጎማዎቹን ከመነሳት በፊት መፈተሽ፤
• ጭነቱ በመንገድ ላይ እንዳይንሸራተት በገመድ ወይም በሰንሰለት ማሰር ይገባል።

ሰነዶችና ፈቃድ

ተሳቢ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መመዝገብና መመርመር ያለበት ተሽከርካሪ ነው። አሽከርካሪው ተሳቢ ለመጎተት የሚያስችል የመንጃ ፈቃድ ምድብ፣ የጎታቹንና የተሳቢውን ሊብሬ፣ የታደሰ ዓመታዊ ምርመራ ማረጋገጫ (ቦሎ) እንዲሁም የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል። በከተማው ክልል የጭነት ተሽከርካሪዎች የሰዓት ገደብ ስላለ የጉዞው ሰዓት አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ተከፋፍሎ ሊጫን የሚችል ጭነት በሁለት ጉዞ መወሰድ ይገባዋል። በሎቤድ የሚጫን ኤክስካቫተርን የመሰለ የማይከፈል ጭነት ገደቡን የሚያልፍ ከሆነ ከጉዞው በፊት ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ በሚወጡ ዋና ዋና መንገዶች ላይ፣ ሱሉልታንና ሞጆን ጨምሮ፣ የሚዛን ጣቢያዎች ይገኛሉ። ሆኖም እዚያ ከመድረሱ በፊት ትርፉን በመነሻው ማውረድ ለባለንብረቱም ለተዳፋቱ ነዋሪዎችም የሚበጅ ነው።