የመታጠቢያ ቤት ቧንቧን በራስ እጅ ለመቀየር፤ ዕቅድና በጀት በሰቆጣ

በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በ24 ሰዓት 86,400 ጠብታ ያፈስሳል። 4,000 ያህል ጠብታ አንድ ሊትር ይሞላል ብለን ብናሰላ፣ ብክነቱ በቀን 21 ሊትር ተኩል ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ይሆናል። በወር ወደ 650 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ወደ 8 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) በገጠር ለአንድ ሰው በቀን እንዲዳረስ የታቀደው ውኃ 25 ሊትር ነበር። አንድ የተበላሸ ቧንቧ የአንድን ሰው ድርሻ ሊበላ ምንም አይቀረው ማለት ነው።

ይህ ስሌት በሰቆጣና በዙሪያዋ የበለጠ ይከብዳል። ዋግ ኽምራ ድርቅ ደጋግሞ የሚጎበኘው ዞን ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም.ም ድርቅ ከበረታባቸው የአማራ ክልል አካባቢዎች አንዱ ነበር። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል በከተማዋ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉ ይታወቃል፤ ንጹሕ ውኃ ማዳረስም የቃል ኪዳኑ አካል ነው። በየቤቱ የሚንጠባጠበውን ውኃ ማስቆም ግን የባለቤቱ ድርሻ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ወጪውን የሚያንረው አብዛኛውን ጊዜ ሳይለኩ መግዛት ነው።

ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?

ከመግዛትዎ በፊት ውኃው ከየት እንደሚወጣ ይለዩ። ቧንቧው ተዘግቶ ከአፉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ በአሮጌው ዓይነት ያለቀው ጎሚኒ ነው፤ ባለ አንድ እጀታ በሆነው ሚክሰር ደግሞ ውስጡ ያለው ካርትሪጅ ነው። ሁለቱም ለብቻቸው የሚቀየሩ ናቸው። ውኃው የሚወጣው ከሥር ካለው ፍሌክሲብል ከሆነ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ፍሰቱ የቀነሰ እንደሆነ የአፉን ወንፊት ፈትተው አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ የተጋገረው ኖራ ይለቃል። ሙሉው ቧንቧ መቀየር የሚኖርበት አካሉ ሲሰነጠቅ፣ ጥርሱ ሲበላ ወይም መለዋወጫው ሲጠፋ ነው።

የሚለኩና የሚጣሩ ነገሮች

በሰቆጣ ሱቆች ያልተገኘ ዕቃ ከወልድያ፣ ከደሴ ወይም ከባሕር ዳር ሲታዘዝ፣ የተሳሳተ ግዢ የመጓጓዣ ወጪንና የብዙ ቀን መጉላላትን ያስከትላል። ስለዚህ የሚከተሉትን በወረቀት ይያዙ፤ የአሮጌውንም ፎቶግራፍ ያንሱ።

1. ቧንቧው የሚቀመጠው በግድግዳ ላይ ነው ወይስ በእጅ መታጠቢያው ሳህን ላይ? በሳህኑ ላይ ከሆነ ቀዳዳው ስንት ነው? ስፋቱስ? ባለ አንድ ቀዳዳ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ።

2. የመስመሩ ጥርስ ስንት ኢንች ነው? በመኖሪያ ቤት የተለመደው ግማሽ ኢንች ነው።

3. ከመዝጊያው እስከ ቧንቧው ያለው ርቀት ስንት ነው? የፍሌክሲብሉ ርዝመት የሚወሰነው በዚህ ነው።

4. የሙቅ ውኃ መስመር አለ? ከሌለ ለቀዝቃዛ ብቻ የተሠራ ቧንቧ መግዛት ዋጋም አንድ ፍሌክሲብልም ይቆጥባል።

5. ውኃው የሚመጣው ከሮቶ ከሆነ ሮቶው ምን ያህል ከፍ ብሏል? አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ያህል ብቻ ነው። በሮቶው ያለው ውኃ ከቧንቧው በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.2 ባር ነው። ብዙዎቹ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰሮች ግን በደንብ ለመሥራት ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። በዚህ ሁኔታ ውድ ሚክሰር ከመግዛት ቀላሉን ባለ ጎሚኒ ቧንቧ መምረጥ ይሻላል።

በጀቱ እንዴት ይያዛል?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በድሮ ዋጋ በጀት መያዝ አያዋጣም። ከሁለት ወይም ከሦስት ሱቅ በዚያው ሳምንት ዋጋ ይጠይቁ፤ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱንም ያረጋግጡ።

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ቧንቧው 3,000፣ ሁለት ፍሌክሲብል 500፣ ሁለት መዝጊያ 800፣ ቴፍሎንና ጎሚኒ 100 ብር ቢሆኑ ድምሩ 4,400 ብር ነው። በዚህ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ፣ ማለትም 660 ብር ሲጨመር 5,060 ብር ይሆናል። የቧንቧውን ዋጋ ብቻ አስቦ 3,000 ብር ይዞ የተነሳ ሰው 2,060 ብር ይጎድለዋል። ፍሌክሲብል ከቧንቧው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ከመክፈልዎ በፊት ከፍተው ይዩ። እንግሊዝ ቁልፍና ፒንሳ ለአንድ ቀን ሥራ ከመግዛት ከጎረቤት መዋስ ይቻላል።

መጠባበቂያው የግድ ነው። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ሲነካ አልዘጋ ሊል፣ ወይም አሮጌው ዳዶ ሲፈታ ሊሰበር ይችላል።

የሥራው ቀን

ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሥራውን ውኃ ባለበት ቀን፣ በጠዋትና ሱቅ በሚከፈትበት ዕለት ያድርጉት። ውኃ በሌለበት ቀን የተገጠመ ቧንቧ ሊፈተሽ አይችልም፤ ፈረቃው ሌሊት ከደረሰ ደግሞ ቤቱ በውኃ ሊሞላ ይችላል። ከዋዜማው ጀምሮ ለቤት የሚበቃ ውኃ በጀሪካን ያስቀምጡ።

በመጀመሪያ ከሥር ያለውን መዝጊያ፣ ከሌለም በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ይዝጉ። ቧንቧውን ከፍተው የቀረውን ውኃ በባልዲ ይቀበሉ። ፍሌክሲብሉንና ከሥር ያለውን ዳዶ ፈትተው አሮጌውን ያንሱ፤ ቦታውንም ያጽዱ። አዲሱን አስቀምጠው ዳዶውን ይሰሩ። ቴፍሎን የሚጠመጠመው በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ጎሚኒ በሌለው ጥርስ ላይ ብቻ ነው። ፍሌክሲብሉ የራሱ ጎሚኒ ስላለው በእጅ ካጠበቁት በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ይበቃዋል፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል።

መስመሩን ከመክፈትዎ በፊት የአፉን ወንፊት ይፍቱ። ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ ደለልና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ፣ የመጀመሪያውን ውኃ በባልዲ ተቀብለው ለመጸዳጃ ያውሉት። ከዚያም መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ወረቀት ይፈትሹ። በመጨረሻ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ለአሥር ደቂቃ ይመልከቱ፤ ከተንቀሳቀሰ ሌላ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ባለሙያ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መዝጊያው የማይዘጋ ከሆነ፣ ጥርሱ በግድግዳው ውስጥ ከተሰበረ፣ ወይም የቆየው የብረት ቧንቧ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ በራስ መግፋት ጉዳትን ያበዛል። ለዚህም ሲባል የአንድ ባለሙያ ስልክና የእጅ ዋጋ አስቀድሞ መያዝ የዕቅዱ አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።