ዓምደ ጋዝ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ፣ አፋር ውስጥ ከኤርታ አሌ ብዙም የማይርቀው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አፍዴራ አካባቢ የከብቱ ግጦሽ አመድ ለበሰ። ወደ ሰማይ የወጣው ጋዝ ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን አድርጎ እስከ ሕንድ ዘለቀ። መንገዱን የተከተሉት ሳተላይቶች ናቸው። ከእነሱ የሚገኘውን ካርታ ያየ ሰው በቀይ የተቀባው አገር ሁሉ መርዝ የሚተነፍስ ሊመስለው ይችላል። አይደለም።

ካርታው የሚያሳየውን ነገር በአማርኛ «ዓምደ ጋዝ» እንበለው። ከመሬት ተነሥቶ እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ዓምድ አስቡ። በዚያ ዓምድ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ የላዩም የታቹም፣ አንድ ላይ ሲሰፈር የሚገኘው ልክ ነው። «ክምችት» ብንለው አንድ ቦታ የተጠራቀመ ያስመስለዋል። «ዓምደ ጋዝ» ግን የ«እሳተ ገሞራ»ን አገባብ ስለሚከተል ለጆሮም አይጎረብጥም።

በዋናነት የሚለካው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፤ ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚሰነፍጠው ያ የድኝ ሽታ። ይህ ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን የተወሰነውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይውጣል። ሳተላይቱ ከምድር ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ብርሃን ይመረምርና ከጎደለው ጨረር የጋዙን ልክ ያሰላል። በ1982 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮው ኤል ቺቾን ሲፈነዳ ጋዙን ከጠፈር ያየው መሣሪያ የተሠራው ኦዞንን ለመለካት ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት አንዷ በ2017 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ሴንቲኔል-5ፒ ስትሆን፣ በየዕለቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ታልፋለች። ሌሊት ፀሐይ ስለሌለ ይህ ስልት አይሠራም።

መስፈሪያው ዶብሰን ይባላል። የዓምዱ ጋዝ በሙሉ ወደ መሬት ወርዶ፣ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ጠለል የአየር ግፊት እንደ አንሶላ ቢነጠፍ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት 100 ዶብሰን ነው።

ቁጥሩ ጋዙ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ ቀይ ቀለም ብቻውን መሬት ላይ ያለው ሰው መርዝ ይተነፍሳል ማለት አይደለም። የሃይሊ ጉቢ ደመና ሕንድ ሲደርስ ብዙ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይጓዝ ነበር፤ በዚያ አገር በረራዎች የተሰረዙትም እዚያ ከፍታ ላይ በነበረው አመድ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ካርታ የምታወጡ አዘጋጆች፣ «ዓምደ ጋዝ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከፍታውንም አብራችሁ አስቀምጡ።