ጉልበት ለጉልበት የተጓዝንባቸው መኪኖች

ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጋር መርካቶ ገብይተን ስንመለስ፣ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ ቆመን «ውይይት» የምትባለውን ታክሲ እንጠብቅ ነበር። ከመኪናዋ ኋላ በግራና በቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተዘርግተዋል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል፤ የእናቴ ዘንቢል ከማናውቃቸው ሰዎች እግር መሃል ይገባል፤ ጉልበት ከጉልበት ይገጥማል። እንዲህ ተፋጦ ተቀምጦ ደግሞ ዝም ማለት ያስቸግራል። አንዷ የበርበሬ ዋጋ ታነሳለች፣ ሌላው ይቀበላታል፤ «ወራጅ አለ!» እስኪባል ጨዋታው አይቋረጥም። መኪናዋ «ውይይት» የተባለችው በከንቱ አልነበረም።

ይህ አቀማመጥ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስለ አሜሪካ ትልልቅ ስቴሽን ዋገኖች ሳነብ ግን፣ ፎርድ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግዙፎቹ የቤተሰብ መኪኖቹ የኋላ ክፍል ሁለት ትንንሽ ወንበሮችን ፊት ለፊት ይገጥም እንደነበር አወቅሁ። የአሜሪካ ልጆችም እንደ እኛው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው አድገዋል።

ስቴሽን ዋገን ስሙን ያገኘው ከባቡር ጣቢያ ነው። መንገደኛንና ሻንጣውን ከጣቢያ ወደ ሆቴል የሚያመላልሱት የጥንቶቹ መኪኖች አካላቸው ከእንጨት የተሠራ ነበር። ብረቱ እንጨቱን ከተካው በኋላም አሜሪካውያን ትዝታውን አልተዉም፤ ከ1950 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፎርድ ካንትሪ ስኳየር ጎንና ጎኑ እንጨት መስሎ ይወጣ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጄኔራል ሞተርስ ትልልቅ ዋገኖች ርዝመታቸው ከ5.5 ሜትር፣ ክብደታቸው ከሁለት ቶን ያልፍ ነበር፤ ሞተራቸው 7 ሊትርን የሚሻገርም አለ። የኋላ በራቸው ደግሞ ያስደንቃል፤ መስታወቱ ወደ ጣሪያው ሽቅብ ይገባል፣ ብረቱ ከወለሉ ሥር ይሸሸጋል፤ በሩ ጭራሽ ይሰወራል።

ይህን ሁሉ ያንገዳገደው ነዳጅ ነው። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሳ፤ የአረብ አገራት ነዳጃቸውን እንደ መሣሪያ መዘዙ፤ የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። በአሜሪካ ከማደያ ፊት ሰልፉ ተንዛዛ፤ ያ ሁሉ ብረትና ያ ሁሉ ሞተር ለባለቤቱ ዕዳ ሆነ።

ያው ማዕበል አዲስ አበባም ደረሰ፤ የእኛ ከተማ የከፈለችው ግን ከማደያ ሰልፍ እጅግ የከበደ ነው። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር፣ ሰኞ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ከአምስት ቀን በኋላ የነዳጁ ዋጋ ቢቀነስም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር፤ የካቲት 20 ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሥልጣን ለቀቁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። የአብዮቱ ታሪክ ሲተረክ ወታደሩና ተማሪው ቀድመው ይነሳሉ፤ በዚያች ሰኞ መሪውን ለቆ የወረደው ባለ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነጂም ከእነርሱ እኩል ሊነሳ ይገባዋል።

ወደ መኪኖቹ እንመለስ፤ የስቴሽን ዋገንን ሥራ አገራችን ውስጥ ለዘመናት ከተሸከሙት አንዱ ፔጆ 404 ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ መኪና መልኩን ያገኘው ከጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው የቤተሰብ ዓይነትም ነበረው። ጉልበቱን ያስመሰከረው እዚሁ ሠፈራችን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ከተነሱት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ሲሆኑ አሸናፊው 404 ነበር። ከ1966 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ሐረር ይህን መኪና ታክሲ አድርጋ ይዛ የከተማዋ መለያ እስኪሆን አቆይታዋለች። ባጃጁ ጎዳናውን ከወረሰ በኋላም የጀጎል ግንብ በሮች ሥር ሽማግሌዎቹ ፔጆዎች ሲመላለሱ የሚያይ እንግዳ ቆም ብሎ ማየቱ አይቀርም።

በአሜሪካ ትልልቆቹ ዋገኖች በሚኒቫን ተተክተው በ1996 እ.ኤ.አ. ምርታቸው ቆመ። ብዙዎቹ እስኪያልቁ ሠርተው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ተራ ወረዱ፤ ጠንካሮች ናቸውና ሌሎቹ በግጭት ትርኢት ላይ እርስ በርስ ተላትመው አለቁ። ዛሬ የተረፉትን ፈልገው የሚያድሱ ሰዎች አሉ። የሚያድሱትም ስፖርት መኪና ስላማራቸው አይደለም፤ አባት የነዳውን፣ እናት አስቤዛ የጫነችበትን፣ ወንድምና እኅት የኋላ ወንበር ላይ የተጣሉበትን መኪና ነው መልሰው የሚያቆሙት።

እኛስ? ከተክለ ሃይማኖት ጥቂት ራመድ ብሎ ሶማሌ ተራ የገባ ሰው አሮጌ መኪና እንዴት ተፈታትቶ ለሌላው ዕድሜ መቀጠያ እንደሚሆን ያያል። ይህ ጥበብ ነው፤ ግን የተፈታ መኪና ታሪኩን ይዞ ይበተናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የቤንዚኑ ዘመን ምዕራፍ እየተዘጋ ነው። ሳይዘጋ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲ፣ አንዲት የሐረር ፔጆ፣ አንዲት ውይይት ሕዝብ በሚያየው ቦታ ልናቆም ይገባል። ውይይቷን ስናቆም ደግሞ በገመድ አንከልላት፤ ጎብኚዎች ገብተው ፊት ለፊት ይቀመጡባት፣ ዘንቢል የያዘችም ካለች ጠጋ ጠጋ ይበሉላት።