ያልተነበበው የመጨረሻ ገጽ

እ.ኤ.አ. አፕሪል 21 ቀን 1954 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በፎሊ አደባባይ የፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። አንደኛው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ፍሬድሪክ ወርታም ናቸው፤ ሁለተኛው የኢሲ ኮሚክስ አሳታሚ ዊሊያም ጌይንስ። ክርክሩ በዐሥር ሳንቲም የሚሸጡት፣ ታሪክን በሥዕልና በቃል አዋሕደው የሚተርኩት የኮሚክ መጽሔቶች ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ ወይስ አይመሩም የሚል ነበር።

የኮሚክ አፍቃሪዎች ይህን ቀን ሲያወሱ ታሪኩ አጭር ነው፤ ወርታም ሰይጣን፣ ጌይንስ ሰማዕት። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አምን ነበር። የኢሲን ሥራዎች በድጋሚ ከታተሙባቸው ወፋፍራም ጥራዞች ላይ አንብቤ የተማረክሁ ሰው ነኝና መፍረዱ አልከበደኝም። በኋላ የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ አግኝቼ ሳነብ ግን ፍርዴ ተናወጠ።

ወርታም ማን ነበሩ? በጀርመን አገር ተወልደው አሜሪካ የገቡ፣ ጥቁር ሕሙማንን የሚቀበል የአእምሮ ሕክምና እምብዛም ባልነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በሃርለም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የላፋርግን ክሊኒክ የከፈቱ ሰው ናቸው። ደራሲው ሪቻርድ ራይት በዚህ ሥራ ከጎናቸው ቆሟል። የምርመራው ዋጋ 25 ሳንቲም ነበር። በዴላዌር ግዛት ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለያየት የልጆቹን አእምሮ እንደሚጎዳ ሕፃናቱን መርምረው ለፍርድ ቤት መስክረዋል። ያም ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1954፣ ከሴኔቱ ጉባኤ በኋላ አራት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ መለያየቱን ሕገ ወጥ ብሎ ከወሰነባቸው አምስት ክሶች አንዱ ነበር።

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው በኮሚቴው ፊት አንድ የኢሲ መጽሔት አንሥተው፣ «እዚህ ውስጥ ሜክሲኳውያንን የሚያዋርድ ስድብ ደጋግሞ ተጽፏል፤ ይህ ልጆችን የዘር ጥላቻ ያስተምራል» የሚል ሐሳብ ያቀረቡት። ስድቡ በእርግጥ አለ። ታሪኩ «ግርፋቱ» ይባላል፤ በሾክ ሰስፔንስቶሪስ ቁጥር 14 ላይ የወጣ፣ ዋሊ ውድ የሣለው ነው። ሴት ልጁ ሜክሲኳዊ ጎረምሳ የወደደችበት አባት ጎረቤቶቹን አስተባብሮ በሌሊት ይወጣል። ያን ስድብ የሚሳደበው እሱ ነው። በጨለማ ደብድቦ የገደላት ግን የገዛ ልጁ መሆኗን የሚያውቀው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጌይንስ ተራው ሲደርስ ታሪኩ የተጻፈው ጥላቻውን ለማውገዝ እንደሆነ፣ ሐኪሙም ይህን ሳይናገሩ እንዳለፉ አስረዳ። እውነቱን ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያንኑ ጥላቻ ሲዋጉ የኖሩት ሐኪም የመጨረሻውን ገጽ ለኮሚቴው አላነበቡም።

እንዲህ ያለው መቆራረጥ በዚያ ቀን ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የወርታም የግል ወረቀቶች እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች ተከፈቱ። ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር መርምራቸው በ2012 ባሳተመችው ጥናት፣ ሐኪሙ በዝነኛ መጽሐፋቸው ውስጥ የልጆችን ዕድሜ እንደቀየሩ፣ የሁለት ወጣቶችን ቃል እንደ አንድ ሰው ቃል እንዳቀረቡ፣ ለክሳቸው የማይመቸውን እንዳስቀሩ አሳየች። ይህን ሳነብ ያዘንሁት ለኮሚኮቹ ሳይሆን ለሐኪሙ ነው ብል አንባቢ ይታዘበኝ ይሆን? በሃርለም ምድር ቤት ለእነዚያው ልጆች ጆሯቸውን የሰጡ ሰው ነበሩና።

ይሁንና ጌይንስም ከዚያ ወንበር ንጹሕ ሆኖ አልተነሣም። የኮሚቴው የሕግ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ወረወረለት፤ አንባቢ ከ«ግርፋቱ» መልካም ትምህርት ይቀስማል ካልህ፣ የአሳዳጊዎቹን ክፉ ምሥጢር ከሚያገኘው የማደጎ ልጅ የአስፈሪ ታሪክስ ምን ይቀስማል? ጌይንስ የመለሰው በመጀመሪያው ውስጥ መልእክቱ በግልጽ ተጽፏል፣ በሁለተኛው ውስጥ ግን የተጻፈ መልእክት የለም ብሎ ነው። የራሱን ሠዓልያን ዝቅ የሚያደርግ ደካማ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በርናርድ ክሪግስታይን «የጌቶች ዘር» በተሰኘው ስምንት ገጽ ታሪክ፣ በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ያለፈ ኃጢአቱ የሚያሳድደውን የናዚ አዛዥ ሲሥል፣ የባቡሩን ሩጫ በጠባብ ክፍልፋዮች ከትፎ ያሳየው ፍርሃት በቃላት ሊጻፍ የሚችል አልነበረም። ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። ያ ከሆነ ደግሞ የአስፈሪዎቹም ሥዕል ይናገራል ማለት ነው።

ከጉባኤው በኋላ አሳታሚዎቹ በዚያው ዓመት የራሳቸውን የሳንሱር ደንብ አወጡ። በርእስ ላይ «ሆረር» የሚለውን ቃል ከለከሉ፤ ደም መጣጩንና ከመቃብር የሚነሣውን ሙት አባረሩ። (የመጨረሻዎቹ ሁለት አሳታሚዎች ደንቡን የተዉት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።) የደንቡ ቢሮ ኃላፊ ዳኛ ቻርልስ መርፊ የተሰናከሉበት ታሪክ ግን ደም ያለበት አልነበረም። አል ፌልድስታይን የጻፈው፣ ጆ ኦርላንዶ የሣለው፣ በ1953 አንድ ጊዜ ታትሞ የነበረው «የፍርድ ቀን» ነው። ከምድር የተላከ መርማሪ በቀለማቸው ተለያይተው የሚኖሩ ሮቦቶችን ዓለም ጎብኝቶ ገና አልበሰላችሁም ይላቸዋል። መርከቡ ውስጥ ገብቶ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ሆኖ እናየዋለን፤ በግንባሩ ላይ ላብ እንደ ከዋክብት ያበራል። ዳኛው ሰውየው ጥቁር መሆን የለበትም አሉ፤ ጌይንስ እንቢ ሲል ላቡ ይጥፋ አሉ። ጌይንስ አላጠፋም። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1956 እንደነበረ ወጣ፤ መጽሔቱም ኢሲ ያሳተመው የመጨረሻው ኮሚክ ሆነ።

በዚያ ጉባኤ ላይ ሴናተር ኪፋቨር ከፍ አድርገው ያሳዩት አንድ ሽፋንም አለ፤ መጥረቢያ የያዘ ሰው የተቆረጠ የሴት ራስ በጸጉሯ አንጠልጥሎ የሚታይበት። ጌይንስ ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ጨዋነት አይጎድለውም ብሎ ተከራክሯል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አሣሣሉ ግሩም ነው፤ ልወደው ግን አልቻልሁም። ያ ሽፋን የታተመበትን ጥራዝ የማስቀምጠው በላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የልጆቼ እጅ ከማይደርስበት ነው።