ሐዲዱ ቀድሞ፣ ከተማው ተከትሎ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ 5 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የጣውላ ጠረጴዛ አለኝ። በላዩ ላይ ድሬዳዋን እየሠራሁ ነው። ባቡር ጣቢያውን፣ የጥገናውን ግቢ፣ የከዚራን ሰፈር በከፊል፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ የመጋላን ሰፈር ጫፍ። ባቡሩ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ አንድ ሜትር የነበረው ወደ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል። የድሮው ሐዲዳችን ስፋት ልክ አንድ ሜትር ስለነበር ለስዊስ የተራራ ባቡሮች ሞዴል የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለእኛም ይሆናል።

አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር በዚህ ልክ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈጃል። የእኔ 5 ሜትር ከእውነተኛው ምድር 435 ሜትር ብቻ ይሸፍናል። ስለዚህ ከቀለሙም ከሙጫውም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለው ነው። የተወለድኩባትን ከተማ ታሪክ በደንብ የተማርኩት ይህን ጥያቄ ልመልስ ስል ነው።

በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አለ። ሐዲዱን ዘርግተህ ቤቶቹን በተረፈው ቦታ ላይ አትለጥፍ፤ ተራራውን፣ ወንዙንና መንደሩን አስቀድመህ አስብ፣ ባቡሩ በመካከላቸው መንገዱን ይፈልግ ይላሉ። እኔም ምክሩን ሰምቼ ከተማውን በእርሳስ ነደፍኩና ሐዲዱን ላስገባው ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ነደፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። አልገባ ያለኝ ምክሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ድሬዳዋ የተወለደችው ተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። የምሥራቁ ንግድ ማዕከል ሐረር ስለነበረች መስመሩም ወደዚያው ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ያንን ዳገት በሐዲድ መውጣት ከባቡር ኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ ተራራውን በስተግራው ትቶ በግርጌው አለፈ። በታኅሣሥ 1895 ሐዲዱ የደረሰበት ቦታ ላይ ጣቢያ ተተከለ፣ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ ተነሣ። ምኒልክ «አዲስ ሐረር» ብለው ሰየሙት። ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። እስከዚያው ድረስ ድሬዳዋ ለዓመታት የመስመሩ ጫፍ ነበረች። ከባሕር የመጣው ዕቃ እዚያ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ የሐረርጌ ቡናና ቆዳ ደግሞ ከእንስሳው ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ይገባል። የጣቢያውን ግቢ በጠረጴዛው ላይ ለማጥበብ ስሞክር እጄን የያዘኝ ይህ ነው። ግቢው የሰፋው ያለ ነገር አይደለም። መጋዘኖቹን ብቀንስ፣ ሜዳውን ብቆርጥ፣ የቀረው ባቡር ቆሞ የሚያልፍበት ተራ ጣቢያ ይሆናል። ኤረር ወይም ሁርሶ ይሆናል እንጂ ድሬ አይሆንም። ስለዚህ ግቢውን እንደ ሰፋ ትቼ ከከዚራ ሁለት መንገድ ቀነስኩ። ልቤ እያዘነ ነው የቀነስኩት።

አዲስ አበባን ብሠራ ምክሩ ይሠራልኝ ነበር። እሷ ባቡሩ ሲደርስ የ30 ዓመት ከተማ ነበረች፤ ቤተ መንግሥቷም ገበያዋም ቦታ ይዘዋል። ባቡሩ ዘግይቶ እንደ መጣ እንግዳ ከታች፣ ከደቡብ በኩል ነው የቆመው። ዛሬ ለገሃር ላይ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ እንኳ የተመረቀው በ1922 ነው።

ድሬዳዋን በሁለት ዓይነት እጅ ነው የምሠራው። ከዚራን በማስመሪያ እሠራለሁ፤ የባቡሩ ሰዎች ሰፈር ስለሆነች መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቿ የተሰለፉ ናቸው። መጋላን ግን ማስመሪያውን አስቀምጬ በእጄ ነው የምነድፋት፤ ነጋዴው፣ ግመለኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ በየፊናቸው የሠሯት ናትና መንገዶቿ ሰው እንደሚሄድባቸው ይጠማዘዛሉ። በሁለቱ መካከል ደቻቱ አለ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው።

አሸዋው ብዙ አስቸገረኝ። ሱቅ የሚሸጠው ደቃቅ አሸዋ ለዓይን ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን 1 ሚሊ ሜትር የምታክል ጠጠር በ87 ስትባዛ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የምትጠጋ ድንጋይ ናት። ወንዜ የኮረት መጣያ መሰለ። በመጨረሻ በዱቄት ወንፊት ደጋግሜ ነፍቼ ያለፈውን ብናኝ ብቻ ወሰድኩ፣ ሙጫ በቀባሁት ላይ በጣቶቼ በስሱ በተንኩት። አሁን የደቻቱ አሸዋ ሆኗል። ጎርፉን አልሠራሁትም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ከወንዙ ዳር የምሠራቸው ቤቶች ውስጥ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አውቃለሁ። እነዚያን ቤቶች ከሌሎቹ ይበልጥ እጠነቀቅላቸዋለሁ።

ሞዴሉ የሚያሳየውን ዓመት 1957 አደረግሁት፤ አባቴ በባቡር ድርጅቱ፣ በሸማንደፈር፣ የተቀጠረበት ዓመት ነው። ባለፈው በጋ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ቤቴ ጎራ አሉ። ጠረጴዛውን ዞሩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጣቢያው ጎንበስ አሉ።

«እንዴት አዩት ጋሼ?» አልኩ።

«አቦ ጥሩ ነው። ዓመቱ ስንት ነው አልከኝ?»

«1957።»

«ታዲያ ይህን ስም ማን ጻፈው? ያኔ እኮ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ነበርን። የጅቡቲ-ኢትዮጵያ የተባልነው በደርግ ጊዜ ነው።»

ጣቢያው ላይ የጻፍኩትን የኩባንያ ስም ከቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ ነበር የገለበጥኩት። እሳቸው ፊት በምላጭ ላጥኩት። ቀጠሉና በጣታቸው ሰዎቹን አሳዩኝ። ከጣት ጫፍ የማይበልጡ፣ በእጄ ቀለም የቀባኋቸው ወደ 40 ሰዎች፤ በጣቢያው ፊት ለፊት ሜዳ ላይ በትኛቸው ነበር።

«ሰዓቱስ?»

«ቀትር ነው ጋሼ።»

«ልጄ፣ ድሬ በቀትር ማን ፀሐይ ላይ ይቆማል?»

ሁሉንም በወረንጦ እያነሳሁ ወደ በረንዳውና ወደ ዛፎቹ ሥር አዛወርኳቸው። ያን ጊዜ ነው የበረንዳዎቹ ጥልቀት ለምን እንደሆነ በእጄ የገባኝ። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ሰው የሚኖረው ጥላውን ተከትሎ ነው። ጥላው የጠበበ ቤት ሠርቼ ከሆነ ቤቱ ስሕተት ነው። ስድስት በረንዳ አፍርሼ አሰፋሁ።

ዛፎቹም እንዲሁ። በግንቦት ቀይ አበባ የሚለብሰውን ዛፍ አማርኛው «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። አገሩ ማዳጋስካር ነው። እንደ ሐዲዱ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ እንደ ሐዲዱ የከተማዋ መታወቂያ ሆነ። ሱቅ ያለው የሞዴል ዛፍ ሁሉ የአውሮፓ ዛፍ መሳይ ነው፤ የእኛው ግን ከላይ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው። ከቀጭን የመዳብ ሽቦ እየገመድኩ እያንዳንዱን ለብቻው እሠራለሁ። አንዱ ሁለት ማታ ይወስዳል።

ይህን ያህል መድከም ለመጫወቻ ነው ወይ ለሚለኝ ሰው የማነሳለት ሰው አለኝ። ሮይ ኢንግላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ እንግሊዝ አገር መጣ። በኦክስፎርድ አካባቢ ባለ ሸለቆ ውስጥ የሣር ክዳን ያላቸው የገበሬ ቤቶች አንድ በአንድ እየተለወጡና እየጠፉ ሲሄዱ አየ። ቤቶቹን እየለካ፣ ከወረቀትና ከካርቶን 76 ጊዜ አሳንሶ ይሠራቸው ጀመር። የሥራው ውጤት ዛሬ ሎንግ ዊተንሃም በምትባል መንደር «ፔንደን» የተባለ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ይታያል። በሜዳው የሌሉ ቤቶች እዚያ አሉ። ባቡሩ በመካከላቸው ይሄዳል።

የእኛ ጣቢያ ገና ቆሟል። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ሐዲዱ ሰፊ፣ ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ነው፤ ከተማዋን የወለደው የአንድ ሜትር ሐዲድ የቀድሞ ሥራው የለውም። የሚያስታውሱት ሰዎችም እየቀነሱ ነው። እኔን ያረሙኝ ሽማግሌ በኅዳር ዐረፉ። ልጠይቃቸው ያዘጋጀሁት ወረቀት ላይ 23 ጥያቄ ነበር፤ ስለ ውሃ ማማው፣ ስለ መጋዘኖቹ በር፣ ስለ ግድግዳው ቀለም። የተመለሱልኝ ስምንቱ ናቸው።

ድሬ ያደጋችሁ፣ ወይም አባት እናታችሁ በዚያ መስመር የሠሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤት ውስጥ ያለውን የድሮ አልበም አውጡ። በየቤታችን ከጣቢያው ፊት ሙሉ ልብስ ለብሶ የተነሣ ዘመድ አይጠፋም። ፎቶግራፉን ስታባዙ ወይም በስልክ ስታነሡ የሰውየውን ፊት ብቻ አትቁረጡ፤ ከጀርባው ያለው ግንብ፣ በሩ፣ ዛፉና ጥላው አብረው ይግቡ። ከኋላውም የተነሣበትን ዓመት ጻፉበት፤ የሚነግራችሁ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት።