ዘመነ ብርሃን

ዘመነ ብርሃን፦ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከበዓለ ልደት አስቀድመው ከሚመጡት ሦስት ወቅቶች፣ ማለት ከስብከት፣ ከብርሃንና ከኖላዊ፣ ሁለተኛው ሲሆን፣ ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ቀን ይዘልቃል። ኅዳር 15 ቀን በሚገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላልና፣ ምእመናን ነቢያት በጨለማ ዘመን ሆነው የጌታን መምጣት በተስፋ መጠባበቃቸውን እየጾሙ ያስባሉ። የተስፋው መሠረት፣ ሊቃውንት በትርጓሜ እንደሚያስተምሩት፣ አዳም ከገነት በተሰደደ ጊዜ የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ቃል ኪዳን ነው፤ ይኸውም በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለ ሆነ 5500 ዘመን ተብሎ ይቆጠራል። በዚህን ያህል ዘመን ልጅ አባቱን፣ የልጅ ልጅም አያቱን እየቀበረ ሲያልፍ ተስፋው አብሮ አለመቀበሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። በዚህ ወቅት የሚውለው ሰንበት ምስባክ ከመዝሙር 42 የተወሰደ ሲሆን፣ ዲያቆኑ በዜማ ሲያሰማው ሕዝቡ እየተቀበለ ይደግመዋል፤ መዝሙሩም ዐመፀኛ ሰው የገፋው ምስኪን፣ አምላኩ ብርሃኑን ልኮ ወደ ተቀደሰው ተራራ እንዲመራው የሚማጸንበት በመሆኑ፣ በመከራ ላለ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ጸሎት አይገኝም። ከታኅሣሥ 21 ቀን ጀምሮ ዘመነ ኖላዊ ይተካል፤ በዓለ ልደትም ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለት በወንጌላዊው ዮሐንስ ስም በሚጠራው ዓመት፣ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል።