ከባድና ግዙፍ ጭነቶች የሚጓዙበት መንገድና የአሽከርካሪዎቹ ልምድ

የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ለኃይል ማመንጫ፣ ለፋብሪካና ለመንገድ ግንባታ ሥራዎቿ ከውጭ የምታስገባቸው ግዙፍ መሣሪያዎች የመጨረሻ ጉዟቸውን የሚያደርጉት በየብስ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ከወደቡ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የባቡር መሥመር በ2010 ዓ.ም መደበኛ የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የጭነቱ አንድ ክፍል ወደ ሐዲድ ተዛውሯል። ይሁን እንጂ የኃይል ማመንጫ ትራንስፎርመሮች፣ የተርባይን ክፍሎችና የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፎች የሚተከሉት አብዛኛውን ጊዜ ባቡር በማይደርስባቸው ሸለቆዎችና ኮረብታዎች ላይ በመሆኑ፣ ከቦታቸው የሚያደርሷቸው አሁንም የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ናቸው። የእነዚህ አሽከርካሪዎች ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈቃድ ለሚሰጡ፣ መንገድ ለሚያስተዳድሩና ፕሮጀክት ለሚከታተሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጠቃሚ ነው።

ክብደትና መጠን

ከመደበኛ ውጭ የሚባለው ጭነት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው በክብደቱ ለመንገዱና ለድልድዩ ከተፈቀደው ልክ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ክብደቱ መጠነኛ ሆኖ በቁመቱ፣ በወርዱ ወይም በርዝመቱ ከመደበኛው ተሳቢ የሚተርፍ ነው። ትራንስፎርመር በዋናነት የመጀመሪያው፣ የነፋስ ማመንጫ ክንፍ ደግሞ የሁለተኛው ምሳሌ ነው። ሁለቱም የሚያመሳስላቸው ነገር ተከፋፍለው ሊጫኑ አለመቻላቸው ነው። የእህል ጭነት ከልክ ቢያልፍ ኩንታል ማውረድ ይቻላል፤ ትራንስፎርመርን ግን ቆርጦ ማቅለል አይቻልም። የተሽከርካሪ መጠንና ክብደት በሕግ ተወስኖ ሳለ ለእንዲህ ዓይነቱ ጭነት ልዩ ፈቃድ የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የክብደት ወሰኑ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ ከ1958 እስከ 1960 በተካሄደው ታዋቂ የመንገድ ሙከራ ተረጋግጧል። በሙከራው ውጤት መሠረት በአንድ አክስል ላይ ያረፈ ክብደት በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ልክ ያድጋል። ይህም ማለት 10 ቶን መሸከም የሚገባው አክስል 12 ቶን ቢጫንበት ክብደቱ በ20 በመቶ ሲጨምር፣ ጉዳቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። 20 ቶን ቢጫንበት ደግሞ ጉዳቱ 16 እጥፍ ይደርሳል። እንደ አዋሽ ባሉ ቦታዎች የተተከሉት የሚዛን ጣቢያዎች የሚጠብቁት ይህንን ነው።

መፍትሔው ክብደቱን በብዙ አክስሎች ላይ ማከፋፈል ነው። ለምሳሌ 100 ቶን የሚመዝን ትራንስፎርመር 40 ቶን በሚመዝን ባለ 14 አክስል ተሳቢ ላይ ቢጫን፣ ጠቅላላው 140 ቶን በ14 ተከፍሎ በእያንዳንዱ አክስል ላይ 10 ቶን ያርፋል። በእያንዳንዱ አክስል ላይ ስምንት ጎማ ሲኖር የአንዱ ጎማ ድርሻ 1.25 ቶን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ለሚመለከተው ሰው እጅግ አስፈሪ የሚመስለው ረጅም ተሳቢ፣ ከልክ በላይ ከተጫነ አንድ ተራ የጭነት መኪና ያነሰ ጉዳት በአስፋልቱ ላይ ሊያደርስ ይችላል።

የቁመት ጉዳይም ስሌት አለው። የመደበኛ ተሳቢ ወለል ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የሎቤድ ወለል ግን ከ1 ሜትር በታች ነው። 3.5 ሜትር ቁመት ያለው ማሽን በመደበኛው ቢጫን 5 ሜትር ሲደርስ፣ በሎቤድ ቢጫን ከ4.5 ሜትር በታች ይሆናል። ይህ የግማሽ ሜትር ልዩነት በኤሌክትሪክ ሽቦና በመሻገሪያ ድልድይ ሥር በማለፍና ባለማለፍ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከታሪክ ማኅደር

ግዙፍ ጭነትን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ማጓጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ ወራት ፈጅቷል። የዘገየበት ዋነኛ ምክንያት መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ፊት ፊቱን መጠረግ ስለነበረበት ነው።

24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልትም በ1929 ዓ.ም በፋሺስት ኢጣሊያ ሲወሰድ፣ ክፍሎቹ እስከ ምፅዋ የተጓዙት በከባድ መኪና ነበር። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም በሦስት ክፍል ሆኖ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ወደ አክሱም ሲመለስ ደግሞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መትከያ ቦታው ያለውን አጭር ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዞ ያደረገው በተሳቢ ላይ ነው። ሐውልቱ በነሐሴ 2000 ዓ.ም ተመርቋል።

ከቆላው ሙቀት እስከ ደጋው ዳገት

ከጅቡቲ የሚነሳ አሽከርካሪ ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። በመካከሉ የሙቀቱ መጠን ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍበትን የአፋርን ቆላ ያቋርጣል። በዚህ ክፍል ዋነኛው ስጋት ጎማ ነው። በሙቀትና በክብደት የጋለ ጎማ ውስጡ ያለው አየር ስለሚያብጥ፣ ልምድ የሌለው ረዳት አየር ለመቀነስ ይቸኩላል። ነባር አሽከርካሪዎች ይህንን ይከለክላሉ፤ ምክንያቱም ጎማው ሲቀዘቅዝ አየሩ ከሚገባው በታች ይሆናል፣ የላላ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥም ይግላል። ትክክለኛው መንገድ ጥላ ባይገኝ እንኳ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። ብዙዎቹ በዚህ አካባቢ ማለዳና አመሻሽ ላይ መጓዝን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ይሁንና ልዩ ፈቃድ ያለው ጭነት አብዛኛውን ጊዜ በብርሃን ብቻ እንዲጓዝ ስለሚደረግ፣ የሚቀረው የጉዞ ሰዓት ጥቂት ነው።

በደጋው ክፍል ፈተናው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ክፍል ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከባድ ጭነት የያዘ ተሽከርካሪ ይህንን ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ ለመውረድ ቢሞክር፣ የፍሬኑ ከበሮ ግሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የአሽከርካሪዎቹ የቆየ ደንብ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማስገባት፣ ፍጥነቱን በሞተር ፍሬን መያዝና የእግር ፍሬንን ለአስፈላጊ ጊዜ ማቆየት ነው። የሚቃጠል ፍሬን ሽታ ከተሰማ መቆም ግዴታ ነው። በቁልቁለት ላይ ከማርሽ አውጥቶ ነዳጅ ለመቆጠብ መሞከር የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋባቸው አደጋዎች መነሻ መሆኑን በሙያው የቆዩ ሁሉ ያውቃሉ።

የጭነቱ ማሰሪያም በዚሁ ይፈተናል። በአውሮፓ በሥራ ላይ ባለው ደረጃ መሠረት ማሰሪያው የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ ወደፊት፣ 50 በመቶውን ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መቋቋም አለበት። 30 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር ድንገት ፍሬን ሲያዝ እንዳይንሸራተት ሰንሰለቶቹ ወደፊት ለሚመጣ 24 ቶን ግፊት መብቃት ይገባቸዋል ማለት ነው። ሰንሰለት በጉዞ መጀመሪያ ላይ ስለሚላላ፣ ጠንቃቃ አሽከርካሪ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ቆሞ እንደገና ያጠብቃል።

ድልድይ፣ ኩርባና ከተማ

ለአስፋልት የሚታሰበው በየአክስሉ የሚያርፈው ክብደት ሲሆን፣ ለድልድይ ግን በአንድ ጊዜ በላዩ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ክብደት ወሳኝ ነው። በመሆኑም ድልድዩ አስቀድሞ በመሐንዲስ መታየት አለበት። በሚሻገሩበት ጊዜ ሌላ ተሽከርካሪ በድልድዩ ላይ እንዳይኖር ይደረጋል፤ አሽከርካሪው መካከሉን ይዞ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይጓዛል፤ በድልድዩ ላይ እያለ ማርሽ አይቀይርም፣ ፍሬንም አይዝም። ድንገተኛ ፍሬን ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ስለሚገፋ ድልድዩ ከተሰላለት በላይ ጫና ይደርስበታል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም አገልግሎት የጀመረው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ሕዳሴ ድልድይ፣ ቀድሞ በአሮጌው ድልድይ ላይ ሲታይ የነበረውን ስጋት በእጅጉ ቀንሷል። ሆኖም ከዋና መንገዶች ወጥቶ ወደ ፕሮጀክት ቦታ በሚወስዱ መንገዶች ላይ ያሉ ትናንሽ ድልድዮችና የውኃ ማፋሰሻ ቱቦዎች አሁንም ትኩረት ይሻሉ።

ረጃጅም ጭነቶች በኩርባ ይፈተናሉ። በ2006 ዓ.ም የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84፣ በ2007 ዓ.ም የተመረቀው የአዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ ተርባይን ሦስት ክንፍ ቢኖረው የአዳማ ሁለት ብቻ 306 ክንፎችን ማጓጓዝ ጠይቋል። የእያንዳንዱ ክንፍ ርዝመት ከ35 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በአሰላ አካባቢ የተተከሉት 29 ተርባይኖች ክንፎች ደግሞ ከ60 ሜትር ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ጭነት ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ለብቻው መመራት ስላለበት፣ ከኋላ የሚቆም ሌላ ባለሙያ ከፊተኛው አሽከርካሪ ጋር በሬዲዮ እየተነጋገረ ያጥፋል። የፊተኛው ሰው ጫፉን አያየውም፤ የሚተማመነው በጓደኛው ቃል ብቻ ነው። ክንፉ የተሠራው ነፋስን ለመያዝ በመሆኑም፣ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ መቆም የግድ ነው።

በከተሞች ደግሞ የተንጠለጠሉ የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦዎች፣ የመንገድ ዳር ገበያዎች፣ ባጃጆችና እንስሳት ያጋጥማሉ። ሽቦ በዱላ አንስቶ ማሳለፍ በአንዳንድ ቦታ የሚታይ ቢሆንም፣ ለረዳቶች ሕይወት እጅግ አደገኛ ነው። ትክክለኛው አሠራር የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች መሥመሩን አጥፍተው እንዲያነሱ ማድረግ ነው። የገበያ ቀን የሚውልባቸውን ከተሞች አስቀድሞ ማወቅም ከጉዞ ዕቅዱ አንዱ ክፍል ነው።

ከፈቃድ እስከ መድረሻ

ለአንድ ግዙፍ ጭነት ጉዞ የጉምሩክ፣ የመንገድ አስተዳደር፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎትና የየአካባቢው መስተዳድር መቀናጀት አለባቸው። ከእነዚህ የአንዱ ደብዳቤ ቢዘገይ ጭነቱ ባለበት ይቆማል። ለመሥሪያ ቤቱ የአንድ ቀን መዘግየት የሆነው ነገር ለአሽከርካሪው በቆላ ሙቀት፣ ከመኪናው ሥር በተዘረጋ ምንጣፍ ላይ የሚያልፍ ሌሊት ነው። ጭነቱን ትቶ ወደ ሆቴል መሄድ አይችልም፤ ለቆመበት ቀን የሚከፈለው አበልም እንደ ውሉ ይለያያል። በጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ቀስ ብሎ የሚጓዝና ተመልሶ ለመዞር የማይችል ተሽከርካሪ ከሌሎች ይበልጥ ለአደጋ ይጋለጣል። በዚህም ምክንያት አጀቡ የክብር ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚያመነጨው 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል የሚገኝባቸው 13 ተርባይኖች፣ ጄኔሬተሮቻቸውና ትራንስፎርመሮቻቸው የመጨረሻውን ጉዞ እስከ ጉባ ያደረጉት በመንገድ ነው። በዚህና በሌሎች ፕሮጀክቶች ጉዞ ላይ የተሳተፉ አሽከርካሪዎች የትኛው ኩርባ እንደሚጠብ፣ የትኛው ቱቦ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ሽቦ ዝቅ ብሎ እንደተንጠለጠለ በቃላቸው ይዘውታል። ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ካልተመዘገበ አሽከርካሪው ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይጠፋል፤ ቀጣዩ ፕሮጀክትም ያንኑ መንገድ እንደ አዲስ ይለካል፣ ያንኑ ስህተት ሊደግምም ይችላል።

ስለሆነም ከጉዞ በፊት በሚደረገው የመንገድ ቅኝት ላይ ጭነቱን የሚነዳው አሽከርካሪ ራሱ እንዲገኝ ማድረግ፣ ከጉዞው በኋላም የተገኘውን መረጃ በመንገዱ መዝገብ ውስጥ ማስፈር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የሥራ ኃላፊ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የጭነቱን የአክስል ክብደት፣ ከመሬት ያለውን ቁመት፣ የሚሻገራቸውን ድልድዮች ዝርዝርና የማደሪያ ቦታዎቹን የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢጠይቅ፣ በመንገድ ላይ ሊያጋጥሙ ከሚችሉ ችግሮች አብዛኞቹ ጭነቱ ከወደብ ሳይወጣ መፍትሔ ያገኛሉ።